የጅሩ ስንዴ ዋጋ አለው፤ የጅሩ መረጃስ?

በፋሲካ ሰሞን ከሞረትና ጅሩ ተጭነው አዲስ አበባ የሚገቡ በሬዎች ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም። «የጅሩ ሰንጋ» የሚለው ስም ብቻውን በካራም ሆነ በሸጎሌ የከብት ገበያ ዋጋ ያወጣል። ገበሬው በሬውን አርሶበታል፤ ከዚያም በጓያና በስንዴ ገለባ አድልቦታል። ስንት ወር እንደቀለበው፣ መቼ እንደታመመበት፣ ምን ሲበላ ሥጋ እንደያዘ በቃሉ ይነግርዎታል። ከእነዋሪ ገበያ ሊገዛው የመጣው ነጋዴ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት ማታ አዲስ አበባ ላይ ሰንጋ በስንት እንደዋለ። በድርድሩ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ግን ነጋዴው ነው።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ ያልተመጣጠነ መረጃ ይባላል። በገበያ ቋንቋ ደግሞ መረጃ ራሱ ዕቃ ነው ማለት ነው። ደላላ በአገራችን የመጀመሪያው የመረጃ ነጋዴ ነው። በሬ የለውም፣ እህል የለውም፣ ሚዛንም የለውም። የሚሸጠው ማን ምን እንዳለውና ማን ምን እንደሚፈልግ ማወቁን ነው። የእህል ደላሎችን ሥራ ያጠኑት ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ዋጋን በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ ለገበሬውም ለነጋዴውም እኩል ማድረስ ነበር። ምርት ገበያው በበቆሎና በስንዴ ተነሣ፤ ስሙ የገነነው ግን በቡናና በሰሊጥ ነው። ሰንጋ ሰሌዳው ላይ አልወጣም።

በሌላው ዓለም ይኸው ንግድ የደላላን ደረጃ ካለፈ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካው የዘር ኩባንያ ሞንሳንቶ ክላይሜት ኮርፖሬሽን የሚባል ድርጅት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። ድርጅቱ አንዲት ከረጢት ዘር አያመርትም ነበር። ንብረቱ የዝናብ፣ የሙቀት፣ የአፈርና የምርት መዝገብ፣ እንዲሁም መዝገቡን አንብበው ለገበሬው ምክርና የኢንሹራንስ ዋስትና የሚያወጡለት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ቢግ ዳታ እየተባለ የሚነገርለት ይህን የመሰለው ነገር ነው። በብዛቱ፣ በዓይነቱና በሚጎርፍበት ፍጥነት የተነሳ አንድ ጸሐፊ በመዝገብ፣ አንድ ሠራተኛም በተራ ኮምፒዩተር ሊቋቋመው የማይችለው መረጃ ማለት ነው።

ታዲያ እንደ ሰሜን ሸዋ ያለ አካባቢ ከዚህ ገበያ ምን ድርሻ ሊያገኝ ይችላል? ሰዎች ብዙውን ጊዜ መልሱን በሕንፃ ውስጥ ይፈልጉታል። በአዲስ አበባ ጎሮ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ እንደ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ያሉ ኩባንያዎች የዳታ ማዕከል ሠርተው ሥራ ጀምረዋል። ይሁንና የዳታ ማዕከል ለመረጃ ማለት ጎተራ ለእህል ማለት ነው። አስፈላጊነቱ አያከራክርም፤ ግን ጎተራ ብዙ ሰው አይቀጥርም። ሰው የሚቀጠረው በአጨዳው፣ በውቂያውና በማንፈሱ ላይ ነው። የመረጃውም ነገር እንዲሁ ነው። ለዚህ ደግሞ ከእነዋሪ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ከእጅ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ መሳቢያ

እነዋሪ ለመረጃ ሰብሳቢዎች እንግዳ አይደለችም። የጅሩ ሜዳ አፈር ጥቁር ነው። የአገሬው ሰው መረሬ ወይም ዋልካ ይለዋል፤ የአፈር ባለሙያዎች ቨርቲሶል ይሉታል። ክረምት ሲገባ ውኃ ይቋጥራል፤ በጋ ሲሆን ይሰነጣጠቃል። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሔክታር ያህል እንዲህ ያለ መሬት ሲኖር፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ በደጋው ይገኛል። ለም ነው፤ ነገር ግን ገበሬው ውኃውን ፈርቶ ክረምቱ እስኪገፋ ሳይዘራ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን መሬት ለማጥናት አንድ የጋራ ፕሮጀክት ተጀመረ። በእንስሳት ሀብት ላይ ይሠራ የነበረው ዓለም አቀፍ ማዕከል ኢልካ፣ ኢክሪሳት፣ የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትና ሌሎችም ተሳትፈውበታል። ከመስክ ጣቢያዎቹ አንዷ እነዋሪ ነበረች። የተመረጠችውም ያለ ምክንያት አይደለም። የጅሩ ገበሬ ሳይንቲስት ሳይመጣበት በፊት ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋ ያለ መደብና የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ይሠራ ነበር። ዘዴው ይሠራል፤ ችግሩ ጉልበት መፍጀቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጋምደው በበሬ የሚጎተት መሣሪያ አዘጋጁ። 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ እያወጣ ይሄዳል። ዛሬ ቢቢኤም በሚል ምህፃር የሚታወቀው ማለት ነው። ውኃው ሲጠነፈፍ ስንዴው ቀደም ብሎ ተዘራ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ብዙ ያልተነገረው መሣሪያው ሲሞከር የተጻፈው ቁጥር ነው። በአንድ ሔክታር ላይ የዋለው የሰውና የበሬ ሰዓት፣ የተገኘው እህልና ገለባ፣ የተዘራበት ቀን፣ የዝናቡ መጠን በየማሳው ተለክቶ ተመዝግቧል። ተንትነው የጻፉትም የሚከበር ሥራ ሠርተዋል፤ ከጽሑፎቹ ብዙዎቹን ዛሬ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ ሊያነባቸው ይችላል፣ እንግሊዝኛ ካወቀ። ነገር ግን ልኬቱ እነዋሪ ላይ ተወስዶ፣ ትንታኔው አዲስ አበባ ተሠርቶ፣ ውጤቱ በውጭ አገር መጽሔት ሲወጣ፣ ለአካባቢው የተረፈው ማረሻው ነው። ማረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ግን ቁጥሩን የሚይዝ፣ በየዓመቱ የሚቀጥልበትና ለሚፈልገው የሚያቀርብ አንድም የሥራ ቦታ በዚያው በከተማዋ አልተፈጠረም።

የመንግሥት ስታትስቲክስም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት፣ የእርሻ ናሙና ጥናት ማካሄድ ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። የምርት መጠን የሚገኘው በናሙና በተመረጡ ማሳዎች ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ተከልሎ፣ እህሉ ታጭዶና ተወቅቶ ሲመዘን ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ባለሙያዎቹም ይመሰገኑበታል። ይሁን እንጂ ናሙናው የተሰላው ለክልልና ለዞን ነው። የሰሜን ሸዋን ስንዴ የፈለገ ያገኛል። የሞረትና ጅሩን ስንዴ የፈለገ ግን በዚያ ሪፖርት ውስጥ አያገኘውም። እነዋሪ ላይ የዱቄት ፋብሪካ ሊተክል ያሰበ ባለሀብት ዞኑን ሙሉ ይዞ መገመት ይኖርበታል። ዞኑ ደግሞ ከጀማ ቆላ እስከ መንዝ ውርጭ የሚደርስ አገር ነው።

ዋግና ነፋስ

ግዙፍ መረጃ ለኢትዮጵያ ገበሬ በእርግጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት የስንዴ ዋግን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ከ600 ሺሕ ሔክታር በላይ የስንዴ ማሳ ላይ ጉዳት አድርሷል። ኩብሳን የመሳሰሉ ገበሬው የወደዳቸው ዝርያዎች ነበሩ የተመቱት። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ በሽታ ነው። ዛሬ አንድ ወረዳ ላይ የታየ ነገ ከነገ ወዲያ ሌላው ጋ ይደርሳል። መድኃኒቱ አለ፤ ግን ውድ ነው፣ ከዘገየም አይሠራም። ስለዚህ ገበሬውን ከኪሳራ የሚያድነው የጥቂት ቀናት ቅድሚያ ማወቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት፣ የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ሆነው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው ማሳ ገብቶ ቅጠሉን ይገለብጣል። ዝርያው ምን እንደሆነ፣ እህሉ የት እንደደረሰ፣ ዋጉ ምን ያህል እንደሆነ ከነቦታው በእጅ ስልክ ወይም በታብሌት መዝግቦ ይልካል። በእንግሊዝ ኤክሰተር ከተማ ያለው ግዙፍ ኮምፒዩተር የነፋሱንና የእርጥበቱን ትንበያ ያሰላል። ሁለቱ ተጋጥመው የዋጉ ዘር በሚቀጥሉት ቀናት የት ሊያርፍ እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ወደ ክልልና ወረዳ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው በ8028 ነፃ የስልክ መስመር አማካይነት ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ገበሬዎች ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከፍ ያለው ደመወዝ የሚከፈለው ኤክሰተርና ካምብሪጅ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ መሆኑን ለመገመት አያስቸግርም። ጭቃ እየረገጠ ቅጠል የሚገለብጠው ሰው መጨረሻው ላይ ነው። ሆኖም እሱ ዝርያውን ቢስት፣ ወይም ማሳው ድረስ ሳይሄድ ከመንገድ ዳር አይቶ ቢሞላ፣ ኤክሰተር ያለው ማሽን ስሕተቱን በፍጥነት ከማባዛት በስተቀር የሚያደርገው ነገር የለም። በዋጋ ሰንሰለቱ ግርጌ ያለው ሥራ ለጠቅላላው ጥራት ወሳኝ ነው፤ ክፍያው ግን ይህን አያንጸባርቅም። የኢትዮጵያ የመረጃ ኢንዱስትሪ ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቀዳዳውን ስፋት የአፈሩ ጉዳይ ያሳያል። ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ገበሬ ዳፕና ዩሪያ በሔክታር 100፣ 100 ኪሎ እንዲጠቀም ይመከር ነበር፤ አፈሩ መረሬም ይሁን ቀይ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር መረጃ ፕሮግራም ከመላ አገሪቱ ናሙና ሰብስቦ ድኝ፣ ቦሮንና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች እንደሚጎድሉ አመለከተ፤ ዳፕም በኤንፒኤስና በሌሎች ቅልቅል ማዳበሪያዎች ተተካ። በኋላ በተደረጉ የማሳ ሙከራዎች ግን በበርካታ ቦታዎች ምርቱን ከፍ የሚያደርጉት በዋናነት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሆነው ተገኙ። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። በመረጃው ውስጥ ያለች አንዲት ጉድለት የምትከፈለው በዶላር ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ገደማ የአፈርና የሰብል ተመራማሪዎች ተሰባስበው የፈቃደኞች ጥምረት የሚል ስም ያለው ቡድን መሠረቱ። በየግለሰቡ መሳቢያ፣ በየመመረቂያ ጽሑፉ፣ በየቢሮው ኮምፒዩተር ተበታትኖ የነበረውን መረጃ አንድ ቦታ ለማድረግ ነው የተነሱት። ወደ 20 ሺሕ የሚጠጋ የአፈር ጉድጓድ መዝገብ ተሰበሰበ። የአገሪቱን የአፈር ዓይነት ካርታ ለመሥራት ሲጣራ ግን የተረፈው ከ14 ሺሕ ብዙ የማይበልጥ ነው። የቀሩት ቦታቸው በትክክል ያልታወቀ ወይም ምዝገባቸው ያልተሟላ ነበር። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሰው ተከፍሎት የቆፈረው፣ መኪና የሄደበት ነው። በሺዎች የሚቆጠር ጉድጓድ ለዚያ ሥራ ሳይሆን የቀረው በኮምፒዩተር እጥረት አይደለም። በዕለቱ ቦታውን በትክክል የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ ነው።

ማንፈስ የሚችል ሰው

የመረጃ ባለሙያ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ኮድ የሚጽፍ ወጣት ነው። መንግሥትም የተነሳው ከዚሁ ነው። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም፣ በ3 ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት በነፃ ለማሠልጠን ታቅዷል። ከትምህርቶቹ መካከል ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ ፕሮግራም ሥራ፣ ዳታ ሳይንስና አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ይገኛሉ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ እየሰፋ መጥቶ ኮምፒዩተር ሳይንስና ስታትስቲክስን የመሳሰሉ ትምህርቶች ይሰጣል። ይህ ሁሉ በጎ ነው። ሆኖም በዳታ ሳይንስ ሥልጠና ላይ ተማሪው የሚሰጠው ልምምድ ብዙ ጊዜ ተጣርቶ የተሰናዳ መረጃ ነው፤ ስሙም ቀኑም ልኩም የተስተካከለ። የኢትዮጵያ መረጃ እንደዚያ ሆኖ አይመጣም።

ከእነዋሪ ስም እንጀምር። በኢልካ ዘመን የወጡ ጽሑፎች ከተማዋን በላቲን ፊደል «አይ» ብለው ይጀምራሉ፤ ሌሎች ደግሞ በ«ኢ» ይጀምራሉ። የሞረትና ጅሩ ስም አጻጻፍ ከዚህ የባሰ ነው፤ አንዳንዱ አያይዞ፣ ሌላው ነጥሎ ይጽፈዋል። ለሰው ሁሉም አንድ ቦታ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት አራት ከተማ ነው። አካባቢውን የማያውቅ ሠልጣኝ እንደ ሦስት አራት ከተማ ቆጥሮ ያሰላዋል።

ወደ ልኩ እንምጣ። ገበሬው መሬቱን በጥማድ ይናገራል። በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሔክታር ነው ይባላል፤ ግን ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነውና ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንበልና አንድ ገበሬ ከጥማድ 10 ኩንታል ስንዴ አገኘሁ ቢል በሔክታር 40 ኩንታል መሆኑ ነው። ጸሐፊው የሔክታር ረድፍ ውስጥ 10 ብሎ ከጻፈው፣ ከአካባቢው የላቀው ገበሬ ምርት የወደቀበት ሆኖ ይቀመጣል። ቀኑም ሌላ ጣጣ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል፤ ጳጉሜን የሚያስገባበት ቦታ የሌለው የኮምፒዩተር ቅጽም ሞልቷል። የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ይህን 3 ሰዓት እንዳለ የወሰደ ሰው ሌሊት ነው ብሎ ያስባል። የመዝሪያ ቀን በሐምሌ 12 ተጽፎ የአውሮፓው ወር 12ኛ ቀን ተብሎ ከተነበበ፣ ሳምንት ያህል ስሕተት ይገባል። በመረሬ መሬት ላይ የዘር ሳምንት ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ለጅሩ ገበሬ መንገር አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ የሚያነፍሰው ማን ነው? ካምብሪጅ ያለው ሊቅ አይችልም፤ ጥማድ አያውቅም። አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረው ወጣትም ይቸገራል። የሚችለው ግብርናውንም አካባቢውንም የሚያውቅ፣ ከዚያ ላይ ሰንጠረዥ ማስተካከል፣ ካርታ ማንበብና ስሕተት ማሽተት የተማረ ሰው ነው። በየቀበሌው በአብዛኛው ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አሉ። አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። በግብርና ኮሌጅ ሠልጥነዋል፤ ገበሬውን በስም ያውቁታል። እነሱ ግን ዛሬ ሪፖርት ሞልቶ ወደ ላይ ከመላክ ያለፈ የመረጃ ሥራ የላቸውም፤ የላኩት ቁጥርም ተጣርቶ ተመልሶ አይመጣላቸውም። ለሚልኩት ቁጥር ጥራት የሚከፈላቸው ተጨማሪ ሳንቲም የለም። የሚጠየቁት ስለ ዕቅድ አፈጻጸም ነው። ዕቅድ አፈጻጸም የሚለካበት ቁጥር ደግሞ፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ወደ ላይ የማደግ ጠባይ አለው።

ከዚህ ተነስቶ ሲታይ ዞኑ በቅድሚያ የሚያስፈልገው አምስት ሺሕ ኮድ ጸሐፊ አይመስልም። በየወረዳው መረጃ የሚያጣራና የመስኩን ሥራ የሚቆጣጠር ጥቂት ሰው ቢኖር፣ ዩኒቨርሲቲው ላይ ደግሞ እነዚህን የሚያሠለጥን፣ ስታትስቲክስንና ግብርናን ያጋባ ትምህርት ቢከፈት፣ ኮድ ጸሐፊዎቹ የሚሠሩበት ነገር ያገኛሉ። ተገላቢጦሹ ግን የታወቀ ነው፤ የሠለጠነው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከአዲስ አበባም ወደ ውጭ።

የኢንተርኔቱም ነገር መዘንጋት የለበትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ሲባባስ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ትምህርቱም ሥራውም ገበያውም በኢንተርኔት ላይ የቆመ ኢንዱስትሪ እንዲህ ያለውን ወራት እንዴት ያልፋል የሚለው ጥያቄ ለሠልጣኙም ለቀጣሪውም ቀላል አይደለም።

ገዢው ማን ነው?

አቅርቦት ብቻውን ገበያ አይሆንም። የመረጃ ባለሙያ ቢሠለጥን የሚቀጥረው ማን ነው? እስካሁን በአገሪቱ የግብርና መረጃ ትልቁ ገዢ መንግሥትና የውጭ ለጋሾች ናቸው። ይህ ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል፤ ታብሌቱ መጋዘን ይገባል፣ የተማረው ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ከእነዋሪ የአርባ ዓመት ታሪክም የሚታየው ይኸው ነው።

የግል ገዢ ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ሐበሻና ዳሽን ቢራ ያመርታሉ፤ ቡርትማልት የብቅል ፋብሪካ ተክሏል። ለእነዚህ ፋብሪካዎች በመጪው ኅዳር ምን ያህል ገብስ ከየትኛው ወረዳ እንደሚወጣ በመስከረም ማወቅ ገንዘብ ነው። የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካዎች ለስንዴው እንደዚያው። ባንኮችም ይጨመራሉ። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ያደገው ፀደይ ባንክ ደንበኞቹ በአብዛኛው ገበሬዎች ናቸው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ሲያፈራ፣ ያለ ዋስትና የሚሰጠው አነስተኛ ብድር የሚወሰነው በደንበኛው የገንዘብ እንቅስቃሴ መዝገብ ነው። ሰንጋውን በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ የጅሩ ገበሬ በዓመት ብዙ ብር ያንቀሳቅሳል፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ ግን ድሃ ነው። ስንት ሰንጋ አድልቦ በስንት እንደሸጠ በታመነ ሰው የተያዘ የአምስት ዓመት መዝገብ ቢኖረው፣ ያ መዝገብ ለባንኩ ከአንድ ዋስ ይበልጣል።

ወረዳው ላይ ከሁሉም የበለጠው ጥሬ ሀብት ግን የመሬት መዝገብ ሳይሆን አይቀርም። በአማራ ክልል ገበሬው አረንጓዴ የይዞታ ደብተር ከተሰጠው በኋላ፣ በሁለተኛው ዙር የማሳው ወሰን ከአየር ፎቶግራፍ ላይ እየተነሳ በካርታ ተመዝግቧል። በበርካታ ወረዳዎች ይህ መዝገብ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። የማሳ ካርታ ከአፈር ካርታና ከዝናብ መዝገብ ጋር ከተጋጠመ ለእያንዳንዱ ማሳ የሚስማማ የማዳበሪያ መጠን መንገር ይቻላል። ያው ካርታ ከብድርና ከግብር መዝገብ ጋር ሲጋጠም ደግሞ ገበሬው የማይወደው ነገር ሊወጣው ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ ለመጠቀም ፈቃዱን መጠየቅንና ዓላማውን መንገርን ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ተጽፏል። ቀበሌ ላይ ቆሞ ለገበሬው ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው ያው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መሆኑ አይቀርም።

ሌላው መንገድ ወጣቱን ለውጭ ኩባንያዎች መረጃ እየለየ እንዲሸጥ ማድረግ ነው። ኬንያ በዚህ ቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ታይም መጽሔት እንደዘገበው፣ ቻትጂፒቲን ለማረም ጽሑፍ ይለዩ የነበሩ የናይሮቢ ሠራተኞች እጃቸው የሚገባው በሰዓት ከ1.32 እስከ 2 ዶላር ነበር። ሥራ አጥ ለበዛበት ከተማ ይህም ሥራ ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥራ ሠራተኛው ከሚያውቀው ነገር ጋር ግንኙነት የለውም። ዛሬ ናይሮቢ ያለው ነገ ርካሽ ጉልበት ወደተገኘበት ሌላ ከተማ ይዛወራል። የጅሩን መረሬ፣ የጅሩን ዋግና የጅሩን ሰንጋ መረጃ ግን ማንም ከሌላ አገር ሆኖ ሊያነፍሰው አይችልም። የዞኑ ብልጫ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ንግድ የሚባለው ነገርም የሚጀምረው ሌላው የሌለውን በመሸጥ ነው።

በመኸሩ መጨረሻ ቆጣሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ገመድና ሚዛን ይዘው ወደ ናሙና ማሳዎች ይሰማራሉ። 4 በ4 ተከልሎ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል። ቁጥሩ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ለሰሜን ሸዋም በዞን ደረጃ ይታተማል።